የፍልስጤማውያን ጉዳይ የዘር ጉዳይ አይደለምን?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ በአስተያየት ዓምድ ላይ ስለ ጋዛ ጦርነት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በዋናነት ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ አይሁዳውያንም ዐረቦችም የአብርሃም ልጆች ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ጠብ የመሬትና የሃይማኖት እንጂ የዘር ሊባል አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ሌላውን ሰው» ስለ ማክበር የሚያስተምሩ ፈላስፎች ሞት ደጃፋቸው ያልደረሰ፣ በሰላም ተቀምጠው በሌላው መከራ ላይ የሚራቀቁ ሰዎች ናቸው የሚል ነው። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የቀረበ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ክርክሩ በሁለቱም በኩል የሳተ መስሎ ስለታየኝ፣ ዓምዳችሁ በፈቀደልኝ መጠን ምላሽ ለመስጠት እወዳለሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እርሱ ከጠራ የመጀመሪያው አብሮት ይጠራልና። «ሌላው ሰው» የፍልስፍና ሁሉ መነሻ መሆን አለበት ብሎ ከማንም በላይ አጥብቆ ያስተማረው ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1906 (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ቀናትና ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በሊትዌኒያዋ ካውናስ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ዜግነት አገኘ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይን ጦር መለዮ ለብሶ ሲዘምት በ1940 ተማረከና ጦርነቱ እስኪያበቃ በጀርመኖች እጅ ቆየ። ሚስቱና ሴት ልጁ ፈረንሳይ ውስጥ ተደብቀው ሲተርፉ፣ ሊትዌኒያ የቀሩት ወላጆቹና ወንድሞቹ ተገደሉ። ሞት ደጃፉ አልደረሰም የሚባል ሰው አይደለም።

ስለ ምርኮ ዘመኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ የጻፈው አንድ ነገር አለ። አይሁዳውያኑ ምርኮኞች ከሌሎቹ ተለይተው በጫካ ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። የለበሱት መለዮ ከግድያ ጠብቋቸዋል፤ ነገር ግን በአጠገባቸው የሚያልፉት ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ቀና ብለው ሲያዩአቸው በዚያ አስተያየት የሰውነት ቆዳቸው የሚገፈፍ ይመስላቸው እንደነበር ይናገራል። ሰው መሆናቸውን ያልተጠራጠረ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ብቻ ነበር። ምርኮኞቹ ቦቢ ብለው የጠሩት ይህ ውሻ ጧት ለቁጥር ሲሰለፉና ማታ ከሥራ ሲመለሱ እየዘለለና እየጮኸ በደስታ ይቀበላቸው ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ ጠባቂዎቹ አባረሩት። የሌቪናስ ፍልስፍና በሙሉ ከዚያ ካምፕ ወጣ ማለት ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1961 ባሳተመው ዐቢይ ሥራው የሌላው ሰው ፊት ከማንኛውም ዕውቀት አስቀድሞ «አትግደል» የሚል ትእዛዝ ይዞ ይመጣል፤ ማን መሆኑን፣ ከየት መምጣቱን፣ የማን ወገን መሆኑን ከመጠየቄ በፊት በእርሱ ነገር ተጠያቂ ነኝ ብሎ ሲጽፍ፣ ፊቱ ፊት ሆኖ ሳይታይ የቀረበት ሰው እየተናገረ እንደሆነ መዘንጋት አይገባንም።

እንግዲህ የዚህ ፍልስፍና ከባዱ ፈተና የመጣው ከተቺዎቹ አልነበረም፤ ከራሱ ከፈላስፋው አንደበት ነበር። በሰኔ 1982 የእስራኤል ጦር ሊባኖስን ወረረ። ከመስከረም 16 እስከ 18 ባሉት ቀናት የእስራኤል አጋር የነበሩት የሊባኖስ ክርስቲያኖች የፋላንጅ ፓርቲ ሚሊሻዎች ምዕራብ ቤይሩት ወደሚገኙት፣ ፍልስጤማውያን ስደተኞች ወደሚኖሩባቸው ሳብራና ሻቲላ ገብተው በርካታ ሲቪል ፍልስጤማውያንንና ሊባኖሳውያንን ጨፈጨፉ፤ አካባቢውን የከበበው የእስራኤል ጦር ነበር፤ በሌሊት ሰማዩን በብርሃን ተኩስ ያበራላቸውም እርሱ ነበር። በራሷ በእስራኤል በመቶ ሺዎች የተገመተ ሕዝብ ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ በየካቲት 1983 ሪፖርቱን ያቀረበው፣ ጭፍጨፋውን እንዲመረምር በእስራኤል የተቋቋመው የካሃን ኮሚሽንም የመከላከያ ሚኒስትሩ አሪየል ሻሮን በግል ተጠያቂነት እንዳለባቸው ደመደመ። ጭፍጨፋው ከተፈጸመ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 28 ቀን 1982፣ ሌቪናስ በፓሪስ በአንድ የአይሁድ ሬዲዮ ጣቢያ ለውይይት ቀረበ። ጠያቂው ሽሎሞ ማልካ የማይቀረውን ጥያቄ አነሣበት፦ አንተ የ«ሌላው» ፈላስፋ ነህ፤ ለእስራኤላዊ ደግሞ «ሌላው» ከሁሉ በፊት ፍልስጤማዊው አይደለምን?

ሌቪናስ የሰጠው መልስ አንባቢዎቹን እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል። የእኔ «ሌላ» ትርጉሙ ከዚህ የተለየ ነው አለ፤ ሌላው ባልንጀራ ነው፤ ዘመድ መሆን የለበትም፣ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ባልንጀራህ ሌላውን ባልንጀራህን ቢያጠቃ ወይም ቢበድል፣ ያን ጊዜ ሌላነት ሌላ መልክ ይይዛል፤ በውስጡ ጠላት ሊገኝ ይችላል፤ ማን ትክክል ማን ስሕተተኛ እንደሆነ ማወቅም ግድ ይሆናል።

ለፈላስፋው ፍትሐዊ እንሁን። መልሱ በድንገት የተፈጠረ ማምለጫ አልነበረም። ዓለም ሁለት ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ብትሆን ኃላፊነቴ ወሰን አይኖረውም ነበር፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ግን ማወዳደር፣ መዳኘት፣ ሕግና መንግሥት ማቋቋም የግድ ይሆናል የሚለው ትምህርቱ ከውይይቱ በፊት በመጻሕፍቱ የነበረ ነው። ማንም ሰው፣ ልጁ ሲመታ እያየ የመቺውን ፊት ቅድስና ብቻ አያሰላስልም። በዚያው ውይይት ላይ ሌላ ነገርም ተናግሯል፦ ሰው ከመሬት ይልቅ፣ ከቅድስት ምድርም እንኳ ይልቅ ቅዱስ ነው፤ በሰው ላይ በደል ሲፈጸም ያቺ ቅድስት ምድር ድንጋይና እንጨት ብቻ ሆና ትቀራለች። በ1974 ያሳተመውን መጽሐፍ ያበረከተውም በናዚዎች ለተገደሉት ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያን መታሰቢያ ብቻ አልነበረም፤ በሌላው ሰው ላይ በሚቃጣ በዚያው ጥላቻ ለተሠዉት ከየሃይማኖቱና ከየሕዝቡ ለተውጣጡ ሚሊዮኖችም ጭምር ነው።

ሆኖም ጥያቄው በቀረበለት ሰዓት በሳብራና በሻቲላ የወደቁት ሕፃናትና አሮጊቶች ማንን አጥቅተው ነበር? ማንን በድለው ነበር? «ባልንጀራ ባልንጀራን ሲያጠቃ» የሚለው መልስ ለእነርሱ መልስ የሚሆነው፣ እያንዳንዳቸው እንደ ሰው ሳይሆን የአንድ ጠበኛ ወገን ቁራጭ ተደርገው አስቀድመው የተቆጠሩ እንደሆነ ብቻ ነው። ፈላስፋው ዕድሜውን ሙሉ «ከማን ወገን ነህ ከሚለው ጥያቄ በፊት» እያለ ያስተማረው ትምህርት የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ወገኑ ቀደመ፣ ፊቱ ተከተለ። ጁዲት በትለርን የመሰሉ፣ ራሳቸው ከአይሁድ ወገን የሆኑ ፈላስፎች ሌቪናስን በራሱ ሚዛን መዝነው የወቀሱት ስለዚህ ነው፤ እኔም ወቀሳው ተገቢ ነው እላለሁ።

ለዚህ ጥያቄ በሉቃስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ የተሰጠውን መልስ አንባቢዎቻችሁ ያውቁታል። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ዝርዝር ፈልጎ ነበር፤ እገሌ ይገባል፣ እገሌ አይገባም የሚል። የተሰጠው ዝርዝር አይደለም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የወደቀው ሰው ከማን ወገን እንደሆነ ታሪኩ ጨርሶ አይነግረንም፤ ወገኑ የተነገረን የረዳው ሰው ነው፣ እርሱም አድማጮቹ የሚንቁት ሳምራዊ ነው። በመጨረሻም ጥያቄው ተገልብጦ ወደ ጠያቂው ተመለሰ፦ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነለት ማንኛው ነው? ማልካ በሬዲዮ የጠየቀው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ መልሱ ግን የሕግ አዋቂውን ዝርዝር መልሶ አመጣው።

አሁን ወደ ዘር ልመለስ። የተከበሩት ጸሐፊ ዘርን የደምና የቆዳ ነገር አድርገው ስለወሰዱት፣ ፍልስጤማዊና አይሁዳዊ በመልክም በትውልድም የሚቀራረቡ መሆናቸውን በማስረጃነት አቅርበዋል። መቀራረባቸው እውነት ነው። ዳሩ ግን ዘረኝነት መቼም ቢሆን የሥነ ሕይወትን ማስረጃ ጠብቆ አያውቅም። በ1965 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው ማንኛውንም የዘር መድልዎ ለማስወገድ የወጣው ስምምነት፣ እስራኤልም ያጸደቀችው፣ የዘር መድልዎን ሲተረጉም ከቀለም ጎን ለጎን የትውልድ ሐረግን፣ ብሔራዊና ጎሣዊ መነሻን አስገብቷል። ነገሩን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው ቢባል፣ ዘር ማለት ሰውየው ገና ሳይመጣ የተጻፈ ፍርድ ነው፤ ምን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗልና። በ1925 ማርቲኒክ የተወለደው የፀረ ቅኝ አገዛዝ ጸሐፊ ፍራንዝ ፋኖን፣ አንድ ሕፃን በጣቱ እየጠቆመው «እማዬ፣ ጥቁር ሰውዬ! ፈራሁ» ያለበትን ቅጽበት በ1952 ሲጽፍ ያሳየን ይህንኑ ነው፤ ሕፃኑ የፈራው ፋኖንን አልነበረም፣ ፋኖንን አያውቀውምና።

ይህን በሐሳብ ብቻ እንዳልተወው፣ የአንዲት መንደርን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። ኢቅሪት በሰሜን ገሊላ፣ ከሊባኖስ ድንበር አጠገብ የነበረች የፍልስጤማውያን መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ክርስቲያኖች፣ የመልካውያን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። በጥቅምት 1948 መጨረሻ የእስራኤል ጦር ሲገባ አልተዋጉም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለጸጥታ ሲባል ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ራማ ወደምትባል መንደር እንዲዛወሩ ተነገራቸው፤ ተዛወሩ። ሁለቱ ሳምንታት አለፉ፣ ወራትም አለፉ። ሰዎቹ የእስራኤል ዜጎች ሆነው ነበርና ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ በሐምሌ 1951 ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 24 ቀን፣ በገና ዋዜማ፣ ጦሩ የመንደሯን ቤቶች በፈንጂ አወደመ። የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ነው። በ1972 ጉዳዩ እንደገና ሲነሣ የጎልዳ ሜየር መንግሥት የመመለስ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ለሌሎች ተፈናቃዮች ጥያቄ ምሳሌ እንዳይሆን የሚል ነበር። የኢቅሪት ልጆች ሙታናቸውን በአባቶቻቸው መቃብር እንዲቀብሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ በሕይወት ሳሉ ተመልሰው እንዲኖሩ ግን አልተፈቀደም።

ጸሐፊው «የሃይማኖት ጠብ ነው» ይላሉ፤ ኢቅሪቶች ሙስሊሞች አልነበሩም። «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ኢቅሪቶች አልተዋጉም። «ዜግነትና ሕግ ያስተካክለዋል» የሚልም ይኖራል፤ ዜጎች ነበሩ፣ ፍርድ ቤትም ፈርዶላቸው ነበር። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ለሌሎች ምሳሌ እንዳይሆን የሚለው ምክንያት ሁሉንም ይናገራል። አንድ ገበሬ ወደ ቤቱ ልመለስ ሲል የተሰማው የአንድ ገበሬ ድምፅ ሳይሆን ከ700,000 የሚበልጡ የ1948 ተፈናቃዮች ሁሉ ድምፅ ነበር። ሰውየው በራሱ ስምና በራሱ ሥራ እንዲታይ አልተፈቀደለትም፤ የአንድ ዓይነት ናሙና ሆኖ ቀረ። በ1950 የወጣው የመመለስ ሕግ በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚኖር አይሁዳዊ ወደ እስራኤል ገብቶ እንዲኖር መብት ይሰጣል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የሌሉ ሰዎች ንብረት ሕግ ደግሞ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከመኖሪያው የተፈናቀለውን ሰው፣ በዚያችው አገር ውስጥ ሆኖ ዜግነት ቢያገኝም እንኳ፣ ንብረቱን በተመለከተ እንደሌለ ቆጥሮታል። በአካል ተገኝቶ ግብር የሚከፍልን፣ ድምፅ የሚሰጥን ሰው «የለም» የሚል ሕግ የሌላነት ፍልስፍና የመማሪያ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

የቆዳ ቀለም ጉዳዩን እንደማይወስነው ለማየት የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን ሁኔታ ማሰብም ይጠቅማል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁድ በዚያ የጠበቃቸውን ያውቁታል። በ1996 መጀመሪያ ላይ የለገሱት ደም በሥውር ሲደፋ መኖሩ በተጋለጠ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩት በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ በ2015 አንድ የእነርሱ ወገን የሆነ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላም ተቃውሞው እንደገና ተቀሰቀሰ። እንዲህም ሆኖ የዚህ ማኅበረሰብ ልጅ በዌስት ባንክ ኬላ ላይ ወታደር ሆኖ ሲቆም፣ ከናብሉስ ወይም ከሄብሮን የመጣ፣ በመልኩ ከእርሱ የቀላ ሰው መታወቂያውን አውጥቶ በፊቱ ይቆማል፤ ማለፍና አለማለፉን የሚወስነውም ወታደሩ ነው። ይህን የምጽፈው ወታደሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ትእዛዙን ያወጣው እርሱ አይደለም፤ ነገ መለዮውን አውልቆ ቴል አቪቭ ጎዳና ላይ ሲሄድ ፖሊስ እርሱን ሊያስቆመው ይችላል። አንዱ ሰው በአንዱ ሚዛን ተናቂ፣ በሌላው ሚዛን ሥልጣን ያለው ሆኖ ሊገኝ መቻሉ ግን ዘር በቆዳ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ፣ ሰዎች በሕግና በመዝገብ የሚደለደሉበት አሠራር እንደሆነ ያሳያል።

መዝገብ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1967 ጀምሮ የዌስት ባንክና የጋዛ ፍልስጤማውያን የሕዝብ መዝገብ የመጨረሻ ቁጥጥሩ በእስራኤል እጅ ነው፤ ማን ነዋሪ እንደሆነ፣ ማን መታወቂያ እንደሚያገኝ የሚጸናው እዚያ ሲመዘገብ ነው። በአንድ ኮረብታ ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ድንጋይ ቢወረውሩ ሰፋሪው፣ ማለትም በዌስት ባንክ የሰፈረው እስራኤላዊ፣ በእስራኤል የሲቪል ሕግ፣ ፍልስጤማዊው በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይዳኛል። እስከ 2011 ድረስ በወታደራዊው ሕግ 16 ዓመት የሞላው ፍልስጤማዊ እንደ አዋቂ ይቆጠር ነበር፤ ለሰፋሪው ልጅ ግን ዕድሜው 18 ነበር። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሐምሌ 19 ቀን 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ በዌስት ባንክና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በሰፋሪዎችና በፍልስጤማውያን መካከል የተዘረጋው የተሟላ ለማለት የሚያስደፍር መለያየት፣ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን የ1965 ስምምነት 3ኛ አንቀጽ የሚጥስ መሆኑን ገልጿል። አንቀጹ የዘር መለያየትንና አፓርታይድን የሚከለክል ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነጥሎ አልተናገረም። የሆነ ሆኖ ዳኞቹ የተመለከቱት ጉዳይ ጸሐፊያችን «የዘር አይደለም» ያሉትን ነው።

ሀና አረንት ይህን ገና በጠዋቱ አይታ ነበር። ራሷ ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ለዓመታት አገር አልባ ሆና የኖረችው ይህች አይሁዳዊት ፈላስፋ በ1951 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የአውሮፓ አይሁድ አገር አልባነት መፍትሔ አገኘ የተባለው ሌላ አዲስ የስደተኛ ወገን፣ ማለትም ዐረቦችን፣ በመፍጠር እንደሆነና በዚህም ከ700,000 እስከ 800,000 የሚደርሱ ሰዎች በአገር አልባዎች ቁጥር ላይ እንደተጨመሩ ጽፋለች። መብት የሚኖረን ሰው ስለሆንን ብቻ ነው የሚለው አባባል፣ የሚያስከብረው ማኅበረሰብ ከጠፋ ባዶ እንደሚቀርም ያስተማረችው እርሷ ናት። በዚህ ረገድ ጸሐፊው በፈላስፎች ላይ ካቀረቡት ቅሬታ ከፊሉን እቀበላለሁ። ፊትን ስለ ማክበር የሚናገር ሥነ ምግባር መታወቂያን፣ የመሬት ካርታንና የፍርድ ቤት ሥልጣንን ካልነካ ለተበደለው ሰው የሚፈይደው ነገር የለም። ከሌቪናስ የሚቀድመው አይሁዳዊ ፈላስፋ ማርቲን ቡበር ይህ ገብቶት ነበር። በ1938 ወደ ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ከዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከይሁዳ ማግነስ ጋር ሆኖ በ1942 ኢሁድ የተባለውን ማኅበር አቋቁሞ፣ አይሁዳውያንና ዐረቦች በእኩልነት የሚተዳደሩበት አንድ የሁለት ሕዝቦች አገር እንዲመሠረት ተከራክሯል፤ ሰሚ አላገኘም።

ሚዛኑ ለአንድ ወገን ብቻ እንዲሠራ አልፈልግም። ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስና አብረውት የነበሩ ታጣቂዎች ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሲቪሎች ነበሩ፤ 250 ገደማ ሰዎችን ደግሞ አግተው ወሰዱ። «ሰፋሪ ሲቪል አይባልም»፣ «በዚያ አገር ንጹሕ የለም» ብለው ግድያውን ያቃለሉ ሰዎች፣ የፍልስጤም ወዳጆች ነን ቢሉም፣ ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ፍርዱን ሰውየው ሳይመጣ ጽፈውታል። በዚያ ቀን በጋዛ ድንበር አጠገብ ባለችው የኅብረት እርሻ መንደር፣ በቤኤሪ ኪቡትስ፣ ከተገደሉት አንዷ ቪቪያን ሲልቨር ነበረች፤ ለብዙ ዓመታት ለሰላም የሠራች፣ ከጋዛ የሚወጡ ሕሙማንን በመኪናዋ ወደ እስራኤል ሆስፒታሎች ታደርስ የነበረች ሴት። ስሟን ማንሣቴ ግን መልካም ሰው ስለነበረች መገደል አልነበረባትም ለማለት አይደለም፤ አንድም ሕመምተኛ አድርሳ የማታውቅ ብትሆንም፣ ከጋዛ ሕዝብ ጋር አንዳች ወዳጅነት ባይኖራትም ማንም ሊነካት አይገባም ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን የእስራኤል መከላከያ ሚኒስትር ዮአቭ ጋላንት በጋዛ ላይ ሙሉ ከበባ ማዘዛቸውን፣ መብራት፣ ምግብና ነዳጅ እንደማይገባ ካስታወቁ በኋላ፣ የምንዋጋው «ከሰው እንስሳት» ጋር ነው አሉ። ያሉት ስለ ሐማስ ብቻ ነው የሚሉ ተከላካዮች አሏቸው። ሐሳባቸውን ልባቸው ያውቀዋል፤ ትእዛዛቸው ግን ለሁላችንም ይታያል፤ ምግብና መብራት የተቋረጠው ከታጣቂው ላይ ብቻ አልነበረም፣ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነው ከሁለት ሚሊዮን ከሚበልጠው ሕዝብ ሁሉ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ጥር 26 ቀን 2024 ደቡብ አፍሪካ ባቀረበችው ክስ ላይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሲሰጥ ይህንኑ ንግግር ጠቅሶታል። በጀርመን ጫካ መንገደኞች ቀና ብለው እያዩ የሰውነት ቆዳ ገፈፉን ብሎ የጻፈው ሰው በሕይወት ኖሮ ቢሰማው ምን ይል እንደነበር መገመት አልችልም፤ ምን ማለት ይገባው እንደነበር ግን ከመጻሕፍቱ ይነበባል።

በመጨረሻ ጋዜጣችሁን የሚመለከት አንድ ጥያቄ አለኝ። በጥቅምት 2023 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የፍልስጤማውያኑን የሟቾች ቁጥር እንደማያምኑት በተናገሩ ማግሥት፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የ6,747 ሟቾችን ዝርዝር አወጣ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና የመታወቂያ ቁጥር። ቁጥሩ ከምን መዝገብ እንደሚመነጭ ከላይ ተናግሬያለሁ። ሟቾቹ እውነተኛ ሟቾች መሆናቸውን ለማስረዳት የከበባቸው መንግሥት የሚቆጣጠረው መዝገብ መጠቀስ ነበረበት። ከዚያም በኋላ ሚኒስቴሩ የተሻሻሉና የረዘሙ ዝርዝሮችን በየጊዜው አውጥቷል፤ ከአንድ ቤት የጠፉ አያት፣ እናትና ገና ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በአንድ የቤተሰብ ስም ተከታትለው ይነበቡበታል።

ጋዜጣችሁ የታገቱትን እስራኤላውያን ስምና ዕድሜ፣ የአንዳንዶቹንም ሥራና የቤተሰብ ሁኔታ በተለያየ ጊዜ አትሟል፤ ተገቢም ነበር። የጋዛው ዜና ግን ሁልጊዜ በቁጥር ይጀምራል፣ በቁጥር ያልቃል። የቦታ ጥበት እንዳለባችሁ አልዘነጋም። ሆኖም ከዜና ወኪሎች የሚደርሳችሁን ዘገባ ስትተረጉሙ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ጥቂት ሰዎችን፣ ቢያንስ በስምና በዕድሜ፣ እንድታክሉ አመለክታለሁ፤ ለቤኤሪ ሟቾች ያደረጋችሁትን በጋዛ ላለችው ለኻን ዩኒስ ከተማ ሟቾችም እንድታደርጉ ማለት ነው። ለትርጉም ሥራው የሚረዳ ሰው ካስፈለገ እኔ ዐረብኛ አነብባለሁ፤ ያለ ክፍያ ለመርዳት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ